መኪናን የሚያበራው ሰሙ ነው? የመርካቶን የዋክስ ጣሳዎች ስናነብ

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ፊት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከፍሬን ሸራው፣ ከቺንጊያውና ከሞተር ዘይቱ ጎን አንድ መደርደሪያ አለ፤ ክብ ጣሳ፣ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ትንሽዬ ብልቃጥ። ብዙዎቹ ላይ የሚያብለጨልጭ ስፖርት መኪና ተስሏል። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩ ጨርቅ ያወጣና ደጅ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ይቀባል፣ ያሻል። ከዚያ ከሃይላንድ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ክብ እየሠራ ይንከባለላል። “አየህ? መስታወት!” ይላል። እናንተም ኪሳችሁን ትዳብሳላችሁ።

መጽሐፍ ይሄሳል፣ ፊልም ይሄሳል። ጣሳ ላይ የተጻፈውስ ለምን አይሄስም? እንዲያውም ብዙ ሰው አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣበት ጽሑፍ እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ጣሳዎች ላይ ደጋግመን የምናገኛቸውን አራት አባባሎች፣ ከዚያም የሻጩን የውሃ ትርዒት እንፈትሻለን። ከወዲሁ የምንለውን እንንገራችሁ፤ ጣሳዎቹ ሁሉ ውሸታም አይደሉም። ችግራቸው ቅደም ተከተሉን መገልበጣቸው ነው። የመጨረሻውን ሥራ እንደ መጀመሪያው፣ ትንሹን ሥራ እንደ ትልቁ አድርገው ይነግሩናል።

በመጀመሪያ ሊስትሮውን እንጠይቅ

ሊስትሮ ጫማችሁን ሲይዝ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ቀለም አይቀባም። አቧራውን በብሩሽ ያራግፋል፤ ጭቃ ካለው በሳሙና ያጥባል፤ እስኪደርቅ ይጠብቃል። የቀለም ጣሳውን የሚከፍተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የሚቀባውም በትንሹ ነው። ከዚያ ብሩሽ፣ በመጨረሻም ጨርቅ። የጫማ ቀለም ጣሳ ውስጥም ሰም አለ። ቅደም ተከተሉን ሊስትሮው ያውቀዋል፤ የመኪና ዋክስ የሚገዛው ሰው ግን ይረሳዋል።

ይሄ ቅደም ተከተል ልማድ ብቻ አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። ብርሃን ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ ይመለሳል፤ መስታወት ላይ ፊታችንን የምናየው ለዚህ ነው። ገጹ ሸካራ ከሆነ ግን ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ያን ጊዜ ግራጫ ጉም የለበሰ የሚመስል ቀለም እናያለን። “ለስላሳ” የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው? ጉብታዎቹ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በእጅጉ ሲያንሱ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። የአቧራ ቅንጣትና የጨርቅ ጭረት ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ተራራና ገደል ናቸው።

ታዲያ ሰም ምን ይሠራል? ትንንሾቹን ገደሎች ይሞላል። ዝናብ የነካው የኮብልስቶን ድንጋይ ለምን ጠቆር ብሎ እንደሚያምር አስቡት። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ውሃው ሸካራውን ገጽ ስለሸፈነው ብርሃኑ ቀድሞ እንደነበረው አይበተንም። አንዳንድ ላቫጆ ውስጥ መኪናን በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የሚያሹትም በዚሁ ዘዴ ነው። ያበራል፣ እውነት ነው። ግን ቀናት ሳይቆይ ይጠፋል፤ ቅባቱ አቧራ ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጁን ናፍጣ ውስጥ የሚነክረው ልጅ ቆዳው ይጎዳል። ድንጋዩ ሲደርቅ ወደ ግራጫነቱ እንደሚመለስ፣ ሸካራ ቀለምም የተቀባው ነገር ሲለቅ ወደነበረበት ይመለሳል።

“100% ካርናውባ”

ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ነው። ሰሙ የሚገኘው ከቅጠሉ ነው፤ ዛፉ ውሃው በፀሐይ እንዳይተንበት ቅጠሉን በሰም ይለብጣል። የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ሙቀት ነው። እኛ አገር በብዛት የምናውቀው የንብ ሰም ደግሞ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት ይለሰልሳል። ጥቁር ኮፈን ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲውል ወደ 60 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርቷ የታወቀች ሆና ሳለ የመኪናው ጣሳ የብራዚልን ሰም የሚያወድሰው ለዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ጣሳው ልክ ነው።

“100%” የሚለው ግን አያስኬድም። ንጹሕ ካርናውባ እንደ ድንጋይ የጠነከረና የሚሰባበር ነገር ነው፤ በጨርቅ ወስዳችሁ መኪና ላይ ልትቀቡት አትችሉም። እንዲቀባ በሚተን ፈሳሽና በዘይት መሟሟት፣ ከሌላ ለስላሳ ሰም ጋር መደባለቅ አለበት። ስለዚህ ጣት ሲነካው የሚያነሳው ለስላሳ ቅባት መቶ በመቶ ካርናውባ ሊሆን አይችልም። ጽሑፉ ቢበዛ “ውስጡ ካለው ሰም ሌላ ዓይነት የለበትም” ማለት ነው፤ ሰሙ ራሱ ከጣሳው ስንት እጅ እንደሆነ ግን አይናገርም። አባባሉ ሰምና ወርቅ አለው ብትሉ ያምርበታል፤ ወርቁን ግን ፈልቅቃችሁ የምታወጡት እናንተ ናችሁ።

“9ኤች ሴራሚክ”

በትንሿ ብልቃጥ ላይ ያለው ይሄ ነው። ዋጋዋ ከጣሳው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሲያነቡት ከአልማዝ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ጥንካሬ ይመስላል፤ ምክንያቱም የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ አልማዝ 10 ነው።

ግን 9ኤች የሞህስ ቁጥር አይደለም። የእርሳስ ቁጥር ነው! ትምህርት ቤት የምትጽፉበት እርሳስ ላይ “ኤችቢ” የሚል አይታችሁ ይሆናል። እርሳሶች ከለስላሳው ወደ ጠንካራው በደረጃ ይመደባሉ፤ በጠንካራው ጫፍ የሚቆመው 9ኤች ነው። ፈታሾች የተለያየ ደረጃ ያላቸውን እርሳሶች ቀለሙ ላይ እየገፉ የትኛው እንደሚጭረው ያያሉ። “9ኤች” ማለት እንግዲህ “ጠንካራው እርሳስ አልጫረውም” ማለት ነው። ፈተናው እውነተኛ ነው፤ የቀለም ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል። ነገር ግን መኪናችሁን የሚጭረው እርሳስ አይደለም። በየመንገዱ አቧራ ውስጥ የኳርትዝ ቅንጣት አለ፤ ኳርትዝ በሞህስ መለኪያ 7 ነው፤ የእርሳስ እምብርት ደግሞ የግራፋይትና የሸክላ ቅልቅል ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሹፌሩ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ሲጠርግ 9ኤችም ሆነ ሌላ አያድነውም። ያ ጨርቅ ከአቧራው ጋር ተዳምሮ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል።

ሴራሚክ ሽፋን ራሱ ማጭበርበሪያ ነው አላልንም። በአብዛኛው ከሲሊኮን ቤተሰብ የተሠራ ሆኖ ከቀለሙ ጋር አጥብቆ የሚያያዝ፣ በሳሙና በቀላሉ የማይለቅ፣ በደንብ ከተቀባ ከዓመት በላይ ሊቆይ የሚችል ሽፋን ነው። ግን ሥር ያለውን ነገር ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። ጭረት ካለ ጭረቱን፣ ቆሻሻ ካለ ቆሻሻውን!

“ከዩቪ ጨረር ይከላከላል”

አዲስ አበባ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የዩቪ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የወረደች መኪና መርካቶ ስትደርስ፣ ሰማዩ እኩል ጥርት ካለ፣ ሩብ ያህል ተጨማሪ ዩቪ ይጠብቃታል ማለት ነው። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፤ ጨረሩ ግን ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ አይደለም።

ማስረጃው ዓይናችሁ ፊት አለ። መርካቶ ውስጥ ቆማችሁ አሮጌ መኪኖችን እዩ። ቀለሙ መጀመሪያ የሚደበዝዘውና የሚላላጠው የት ነው? ጣሪያው፣ ኮፈኑ ላይ ነው። በሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ፀሐይ አናታችን ላይ በሚወጣበት አገር ቀጥ ብሎ የሚመታው ወደ ላይ የሚያየውን ገጽ ነዋ።

ሰሙስ ያግዳል? ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ወዲህ በተስፋፋው አሠራር ከቀለሙ በላይ “ክሊር” የሚባል ቀለም የለሽ ሽፋን አለ። ውፍረቱ 50 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፤ የደብተር ወረቀት ግማሽ ያህል! ዩቪን ለመምጠጥ የተቀመመው ይሄ ሽፋን ነው። በላዩ የምንቀባው ሰም ደግሞ ከተጠረገ በኋላ የሚቀረው ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ይሄን የሚያህል ስስ ነገር የከፍታችንን ፀሐይ ለብቻው ያቆማል ብሎ መጠበቅ ጥላን በሻሽ እንደመተካት ነው። ለዩቪ የዛፍ ጥላ፣ ጣሪያ ወይም የመኪና ልብስ ከየትኛውም ጣሳ ይበልጣል።

“ጭረት ያጠፋል”

ከአራቱ አደገኛው ይሄ ነው። ጭረት በሁለት መንገድ “ይጠፋል”። አንደኛው በቅባት መሙላት ነው፤ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ሲለቅ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው መፋቅ ነው። በፖሊሽ ወይም በኮምፓውንድ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣቶች በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ፍቀው ከጭረቱ ወለል ጋር ያስተካክሉታል። ጭረቱ ጠፋ የምንለው አካባቢው ዝቅ ስላለ ነው። የተፋቀ ክሊር ደግሞ አይበቅልም።

ይሄን የማውቀው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አጎቴን ላስደስት ብዬ ጥቁር ኮሮላቸውን “ጭረት አጥፊ” በሚል ጣሳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሸሁት። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ ሽፋኑ በተፈጥሮው በሚሳሳበት ቦታ፣ አንድ ደብዛዛ ነጠብጣብ ወጣ። በማሸት ሊመለስ ነው ብዬ ጨመርኩበት፤ ሰፋ። አጎቴ ሲመለሱ አዩት፤ አልተቆጡም። “ልጄ፣ እኮ ቆሻሻ ነበር እንጂ ቁስል አልነበረም” አሉኝ። ያ ነጠብጣብ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ እዚያው ነበር። በአገራችን መኪና ማለት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ነው፤ እንደገና ማስቀባትም ቀላል ወጪ አይደለም። ጣሳው ላይ “ከቀለምህ ላይ እፍቃለሁ” ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ያን ያህል አላሸውም ነበር።

ቀላል ፈተና አለ። ጥፍራችሁን ጭረቱ ላይ አሻግሩ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ነው፤ ምንም ዓይነት ዋክስ አይደፍነውም። ክሊሩ የተላላጠ ከሆነ ደግሞ ወደ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ እንጂ ወደ ጣሳ አትሂዱ። መኪናው የድሮ ከሆነም ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ የማይታይ ጥግ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለበትም፤ የምትፍቁት ቀለሙን ራሱን ነው።

የሻጩ የውሃ ጠብታ

አሁን ወደዚያ ዶቃ ወደሚመስለው ውሃ እንመለስ። ሰም ውሃን አይወድም፤ ስለዚህ ውሃው ገጹ ላይ ከመነጠፍ ይልቅ እርስ በርሱ ተሳስቦ ይድቦለቦላል። ትርዒቱ የሚያሳየን እዚያ ቦታ ላይ አሁን ሰም መኖሩን ብቻ ነው። ስንት ሳምንት እንደሚቆይ አያሳይም። ሥር ያለው ቀለም ንጹሕ መሆኑንም አያሳይም። ርካሽ ሻማ ብትቀቡበትም ውሃው ይድቦለቦላል! ሻጩ አላታለለንም፤ እኛ ነን ላልጠየቅነው ጥያቄ የመጣውን መልስ የወሰድነው።

ልትጠይቁት የሚገባው ይሄ ነው፦ “በዱቄት ሳሙና ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላስ?” ብዙዎቻችን በጅምላ ኦሞ የምንለው የዱቄት ሳሙና የተሠራው የልብስ ቅባት እንዲያስለቅቅ ነው። የመኪናው ሰምም ለሳሙናው ያው ቅባት ነው። ቅዳሜ ዋክስ ቀብቶ በየሳምንቱ በዱቄት ሳሙና ማሳጠብ በቀዳዳ ባልዲ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ጣሳው የማይነግራችሁ ሥራ

ታዲያ የሚቆይ ድምቀት ከየት ይመጣል? ከዝግጅቱ። ሊስትሮው እንዳደረገው ነው።

በመጀመሪያ መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፤ ብረቱ እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ ይሁን። ከመንካታችሁ በፊት ብዙ ውሃ አፍስሱበት፤ ልቅ የሆነው አቧራ በውሃ ይሂድ እንጂ በጨርቅ አይገፋ። ከዚያ ሁለት ባልዲ አዘጋጁ፤ አንዱ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሻምፖ ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ስፖንጁን ወይም ጨርቁን ወደ ሻምፖው ከመመለሳችሁ በፊት በንጹሑ ውሃ እጠቡት። ሲጨርሱ የሁለተኛውን ባልዲ ታች እዩት፤ እዚያ የተቀመጠው አሸዋ በአንድ ባልዲ ቢሆን ኖሮ መኪናው ላይ የሚታሽ ነበር።

ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አግብታችሁ ኮፈኑን በቀስታ ዳብሱት። ፌስታሉ ግጭቱን ስለሚቀንስ በባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት ይሰማችኋል። እንደ ጥሩ አሸዋ የሚሰማችሁ ነገር ሳሙና ያላስለቀቀው ነው፤ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ፣ የሬንጅ ፍንጣሪ፣ የጎረቤት ቀለም ቀቢ የረጨው ብናኝ። ይሄን የሚያነሳው “ክሌይ” የሚባል እንደ ሊጥ የሚታሽ ነገር ነው። ገጹን በሻምፖ ውሃ በደንብ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ ታንሸራትቱታላችሁ። መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ አሸዋ ይዟል።

ፖሊሽ የሚያስፈልገው ከዚህ ሁሉ በኋላ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ብርሃን ላይ ከታየ ብቻ ነው። ያኔም በጣም ለስላሳ ከሆነው ጀምሩ፤ ጠርዝ ላይ አትጫኑ።

ሰሙ የሚመጣው አሁን ነው። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ የሚተነው ፈሳሽ ሲሄድ ጉም መሰል ነገር ይቀራል፤ በጣት ነክታችሁ በንጽሕና ከለቀቀ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉት። ወፍራም መቀባት አይጠቅምም። ትርፉ ሁሉ ጨርቁ ላይ ነው የሚቀረው።

የትኛውን እንግዛ?

የካርናውባ ጣሳ ሞቅ ያለ፣ ጥልቅ ድምቀት ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን ከሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ነው። መኪናውን ራሱ ማጠብ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ሰው ሠራሽ የሆነው ሽፋን፣ ብዙ ጊዜ “ሲላንት” የሚባለው፣ ለበርካታ ወራት ይቆያል፤ መንገድ ዳር ለሚያድርና ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ለሚመታው መኪና የሚሻለው ይሄ ነው። ሴራሚክ ደግሞ ቀለሙ ገና ደህና ለሆነ መኪና፣ ዝግጅቱን በትዕግሥት ለሚሠራ ባለሙያ ይተው። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ ለሻምፖ፣ ለሁለተኛ ባልዲና ለንጹሕ ጨርቅ አውጡት፤ የተረፈውን ለሰም።

እኛንም በጭፍን አትመኑን። የወረቀት ፕላስተር ውሰዱና የታጠበ ኮፈን መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች ለጥፉ። አንዱን ጎን አጥባችሁ ብቻ ሰም ቀቡት፤ ሌላውን እስከ ክሌይ ድረስ አዘጋጅታችሁ ያንኑ ሰም ቀቡት። ፕላስተሩን ንቀሉ። ለስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ፎቶ አንሱ፤ ውሃም ጠብ አድርጉበት። ጣሳው አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ ነው፤ የተለየው ዝግጅቱ ብቻ ነው። በስምንተኛው ሳምንት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ወደዚያ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩም ቢያያቸው ደስ ይለዋል፤ እሱም እኮ እስካሁን የሚያውቀው ጣሳው የነገረውን ነው።